ጫፉ ያልገጠመ ቀለበት፦ ከኮምቦልቻ ፒያሳ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ከኮምቦልቻ መነሻ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። የያዝኩት አንድ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ ቅያሪ ልብስ፣ ዳቦና የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት አለ። መንገደኛ ሁሉ ጉዳይ አለው፤ የእኔን ከመጀመሪያው ልናገር። ልጄ ሐያት አራት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ጭንቅላቷ ትንሽ ነው፤ ዓይኗም ብርሃንና ጥላ ከመለየት ብዙ አያልፍም። ከወራት በፊት ከእሷ፣ ከእናቷና ከእኔ ደም ተወስዶ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ውጤቱ ደርሷል ተብዬ ነው አዲስ አበባ የምሄደው።

ባለቤቴ ዘሃራ አብራኝ የለችም። ሐያትን ይዛ ሐርቡ፣ አባቷ ቤት ከገባች ሁለት ወር ሆኗታል። ምክንያቱ እናቴ ናት፤ እኔም አለሁበት። እናቴ የሐያትን ነገር ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስታስረዳ፣ «ነፍሰ ጡር ሆና በቀትር ቦርከና ወርዳ ልብስ አጠበች፤ እዚያ ነው ያስነካቻት» ትላለች። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር በቀትር ወንዝ አትወርድም፤ የውሃ ጂኒ ይመታታል ይባላል። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ሲነገር ዘሃራ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ግን እጇን አደራረቀችና ልጇን አዝላ ወጣች። በር ላይ ቆማ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ወንዙ ከሆነ፣ አንቺ ነሽ በለኝ። ካልሆነም፣ አይደለሽም በለኝ። ዝም አትበለኝ።»

ዝም አልኳት።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። ብረት እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ጥርስ አወጣለሁ። ያልለካሁትን ነገር መናገር አልወድም፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ጠባይ ቆጥሬው ነው የኖርኩት። «ሳላውቅ ምን ልበላት?» እያልኩ ለራሴ መልስ እሰጥ ነበር። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዓላማ ሁለት ነው፤ ውጤቱን መስማት፣ ስመለስም ሐርቡ ላይ ወርጄ ለዘሃራ መልስ መስጠት። መልስ ካላመጣሁ የአማቴ ቤት በር እንደማይከፈትልኝ አውቃለሁ፤ ቢከፈትም እሷ አትወጣም።

ሐርቡን ያለፍነው ገና ሳይነጋጋ ነው። የዘሃራ አባት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ስለሆነ ከመስኮት አይታይም፤ ቢሆንም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከሚሴ ላይ ሻይ ጠጣን። ሸዋሮቢት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጃኬት አስወለቀው፤ ወዲያው ዳገቱ ተጀመረና ደብረ ሲና ላይ መልሶ አስለበሰው። እዚያ ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት ተንጠራርተው ሰጡን። አጠገቤ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ ገዝታ ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«ታመህ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«ልጄ ናት።»

«እናትየዋስ?»

«ቤት ናት» አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ቆሎዋን ብቻ በላሁ። ለማያውቁት ሰው እንኳ እውነቱን መናገር ያቃተው ሰው መሆኔን ያሰብኩት የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ነው።

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በታክሲ በመገናኛና በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ ገባሁ። አልጋ የያዝኩት ውቤ በረሃ፣ ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈሩ በወሬ የሚታወቀው በማታው ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ደጁን የሚጠርግ ጠባቂና ፀሐይ የሚሞቁ ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነው። ደክሞኝ ስለነበር መግሪብን ሰግጄ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ

ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። የጠዋት ሠራተኛ ሁሉ ወደ ታክሲ ይሮጣል፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መኪናው ተጠላልፎ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋል። ክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ዶክተር ሰናይት የምትባለው ሐኪም ወጣት ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሞላት ነው። ከፊቷ ሰባት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት አስቀምጣለች።

«አቶ ሰይድ፣ ባለቤትዎ አልመጡም?»

«አልመጣችም።»

ወረቀቶቹን አቃናች። «እንግዲህ መጀመሪያ የምነግርዎት ይህን ነው። ሐያትን ማንም አልጎዳትም። እናቷ ያደረገችው ወይም ሳታደርግ የቀረችው ነገር የለም።»

«ወንዝስ?» አልኳት። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

«የምን ወንዝ?»

ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። «ወንዝ አይደለም» አለችና ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው መሳል ጀመረች።

የነገረችኝን እንደገባኝ አድርጌ ልጻፈው። ሰውነታችን የሚያድገው ህዋሶች እየተከፈሉ ሁለት ሲሆኑ ነው። አንድ ህዋስ ሲከፈል በውስጡ ያለውን ውርስ ለሁለት እኩል ማካፈል አለበት። ይህን የሚያደርገው ማይክሮቲዩቡል በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ ከዚህም ከዚያም ተዘርግተው ውርሱን ወደየጎናቸው ይጎትቱታል። ቱቦው የሚገነባበት ጡብ በህዋሱ ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ መጀመሪያው ነው። ጡቦቹ በራሳቸው ተሰብስበው የመጀመሪያውን ረድፍ ለማቆም ይቸገራሉ፤ ገና ሳይበዙ ይበተናሉ።

«ግንበኛም እንዲሁ ነው» አልኳት፤ «የመጀመሪያው ረድፍ ከቆመ ሌላው ይቀላል።»

«ልክ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ የሚያስጀምራቸው ይኸው ነው» አለችና ቀለበት ሳለች። በቀለበቱ ዙሪያ አሥራ አራት ነጥብ አስቀመጠች። «ብዙ ፕሮቲኖች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው። እነዚህ አሥራ አራቱ ጋማ ቲዩቡሊን ይባላሉ። ጡቡ መጥቶ በነሱ ላይ ይቀመጣል፤ ቱቦው ከዚያ ይነሳል።»

ሥዕሉን ወደ እኔ ሳብኩት። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች አልተገናኙም፤ አሥራ አራተኛው ነጥብ ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው ሥር ገብቷል።

«ጫፉ አልገጠመም» አልኳት።

«እንዲገጥም አይደለም። ቱቦ ሳይጀምር ሰፋ ብሎ፣ ትንሽ ተጣሞ ነው የሚቆየው። ጡቦቹ ሲመጡ ሰብሰብ ይልና ልኩን ይይዛል።»

«ይሄማ ሮንዴላ ነው!» ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ በር ላይ የነበረች ነርስ ዞር ብላ አየችኝ። ለማያውቅ ሰው፣ በብሎንና በዳዶ መካከል የምትገባ፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰነጠቀች ቀለበት አለች። ሁለቱ ጫፎቿ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ናቸው። ዳዶው ሲጠብቅ ትተኛለች፤ ዳዶው እንዳይላላም የምትይዘው በዚያችው ስንጥቅ ነው። በየቀኑ የምነካው ዕቃ ነው።

ዶክተር ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ያጠኑት ሰዎችም ከዚሁ ዕቃ ጋር ነው የሚያመሳስሉት» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ሐያት መጣች። ቀለበቱን ደግፈው ከሚያቆሙት ክፍሎች የአንዱ አሠራር በሐያት ላይ ተሳስቷል። ጽንስ ሳለች የአንጎል ህዋሶች እጅግ በፍጥነት ይከፈላሉ፤ ደህና ቀለበት ሲያንስ ሥራው ይጓተታል፣ አንጎሉም ሳያድግ ይቀራል። ዓይንም በዚሁ ይጎዳል።

«ታዲያ ቀለበቱ ጨርሶ የላትም?»

«ጨርሶ ባይኖራት አትወለድም ነበር። በትንሹም ቢሆን ይሠራል። ሐያት እዚህ የደረሰችው ባላት ነው።»

ይህን ስትለኝ አለቀስኩ። ሰው ፊት ሳለቅስ ከአባቴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄን አራት ዓመት ሙሉ ጎደላት እያልኩ ነበር የማያት፤ ባላት እዚህ ደረሰች ያለኝ ሰው አልነበረም።

እንባዬን ጠርጌ የቀረውን ጠየቅኩ። መድኃኒት እንደሌለው ነገረችኝ፤ የቀራትን እይታ እንድትጠቀምበትና እንድትማር የሚረዱ ባለሙያዎች ግን ስላሉ ሌላ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። ስህተቱ ከማን እንደመጣ ስጠይቃት፣ «ከሁለታችሁም» አለች። እያንዳንዳችን የዚያን ክፍል የአሠራር መመሪያ በሁለት በሁለት ቅጂ ይዘናል፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ የተሳሳተ። በደህናው ስለምንኖር አይታወቀንም። ሐያት የተሳሳተውን ከእኔም ከዘሃራም ወሰደች።

«እኔስ ከማን ወሰድኩት?»

«ከእናትዎ ወይም ከአባትዎ። ጥፋት ግን አይደለም አቶ ሰይድ፤ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፒያሳ

ሽቅብ ተመልሼ አንድ ኬክ ቤት ገባሁና ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶ አዘዝኩ። ዋጋው ኮምቦልቻ የለመድኩትን እጥፍ ነው፤ ቢሆንም ማኪያቶውን የፒያሳ ሰው ያውቅበታል። ሰባቱን ገጽ አውጥቼ አገላበጥኩ። ይህን ወረቀት ሐርቡ ወስጄ ምን ላደርግበት ነው? ዘሃራ በእጇ ሳትዳስስ የማታምን ሰው ናት፤ ጨርቅ ስትገዛ እንኳ ነጋዴው ስለ ቀለሙ ሲያወራ እሷ ጫፉን በጣቷ ታሻለች። በእጇ የምትይዘው ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ሮንዴላ ከሥራ ቦታዬ አንስቼ መስጠት እችላለሁ። ግን የእኔን ብረትና ቅባት አይታ ጠግባለች፤ ደግሞም አሥራ አራቱ ፍሬዎች የሉትም። ብር በፍሬ አስጊጦ መሥራት የወርቅ ሠሪ ሥራ ነው። የሠርጋችንን ቀለበት የሠራልን ጋሽ አማረ የሚባል ሰው ፒያሳ ስለነበረ እሱን ልፈልግ ተነሳሁ።

የማውቀው መንገድ ግን አልነበረም። የወርቅ ቤቱ ረድፍ ነበረ ባልኩበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ ዛፍ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ያማረ ነው፤ እኔ ግን የማውቀውን በር ፍለጋ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። በመጨረሻ አንዲት የወርቅ ቤት ሻጭ ጠየቅኩ።

«ጋሽ አማረ? አሉ!» አለችኝ። «ቤቱ ሲነሳ እሳቸውም አብረው የሚነሱ መስሎን ነበር፤ አልተነሱም። ያን ሕንፃ ዞረህ ሁለተኛ ፎቅ ውጣ፤ መዶሻ ከሰማህ እሳቸው ናቸው።»

መዶሻውን ተከትዬ ወጣሁ። ጋሽ አማረ ሸብተዋል፤ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር አስረው ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። አላስታወሱኝም። የወሎ ሰው መሆኔን ግን ገና ሰላም ስላቸው ለዩ። ለሚስቴ ቀለበት ላሠራ መምጣቴን ነገርኳቸው።

«ወንበር ሳብ ጎበዝ። ሰው ለሚስቱ ቀለበት የሚያሠራው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲያገባና ሲያጠፋ። አንተ የትኛው ነህ?»

«የሁለተኛው ነኝ» አልኳቸው።

«እሺ፣ እውነት የሚናገር ደንበኛ አገኘን» አሉ።

የዶክተሯን ሥዕል ዘርግቼ አስረዳኋቸው፤ የጠርሙስ ክዳን የሚያክል የብር ቀለበት፣ ላዩ ላይ አሥራ አራት ፍሬ፣ ጫፉ ሳይገጥም፣ አንዱ ጫፍ በሌላው ሥር እንዲገባ። በእርሳስ ልኩን በሚሊሜትር ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አቅርበውም አርቀውም አዩትና፣ «ነገ ከጁምዓህ በፊት ና» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሁለተኛው ፎቅ

አራት ሰዓት ላይ ስደርስ ጨርሰው ነበር። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስፈታው ሥራው ያስደንቃል፤ አሥራ አራቱም ፍሬዎች እኩል ናቸው፣ ብሩ ያበራል። ዞር አድርጌ ስንጥቁን ፈለግኩ። የለም። ቀለበቱ ዙሪያውን ገጥሞ፣ ተበይዶ፣ ብየዳው እንኳ እንዳይታይ ተወልውሏል።

«ጋሽ አማረ፣ ጫፉ የታለ?»

«ገጠምኩልህ» አሉኝ በኩራት። «ማታ ሳስበው አልሆነልኝም። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ጫፉ ያልገጠመ ቀለበት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስንጥቅ ያለው ቀለበት ለሚስት አይሰጥም፤ ትዳር ያፈሳል። አንተ ከአገርህ ርቀህ የሳትከውን እኔ አስተካከልኩልህ።»

ንዴቴ ጆሮዬ ድረስ መጣ። በልኬ ያልተሠራ ዕቃ አልወድም። «እኔ ተሳስቼ አይደለም!» አልኳቸው፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር፤ ለአባት የሚነሳ ድምፅ አልነበረም። «ጠቅላላ ነገሩ ያለው እዚያ ስንጥቅ ላይ ነው! ከተበየደ መንቀሳቀስ አይችልም። መሰብሰብ አይችልም። ካልተሰበሰበ ልኩን አይዝም፤ ቱቦውም እንደሚገባው አይነሳም። የሞተ ዕቃ ነው የሰጡኝ!»

ጋሽ አማረ አልተቆጡም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ቀስ በል፤ የምን ቱቦ ነው? ትናንት ስለ ቱቦ አልነገርከኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ልክ ሰጥቻቸው ነበር እንጂ ምክንያት አልሰጠኋቸውም። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ህዋሱ፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ሐያት። ስለ ወንዙም፣ ሐርቡ ስለገባችው ዘሃራም ነገርኳቸው። እየሰሙ ቀለበቱን ከእጄ ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ አጠበቁት። ፀጉር የሚያክል መጋዝ አንስተው ብየዳቸውን መቁረጥ ጀመሩ። ለወርቅ ሠሪ የራሱን ንጹሕ ብየዳ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔም የእጅ ሥራ ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ሲቆርጡ ጨርሰው ጫፎቹን በጉጠት አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረጉ ጠየቁኝ።

«በወንዙ የከሰሰቻት ማን ናት?»

«እናቴ።»

«ሚስትህ ራሷ ወንዙን ታምናለች?»

አሰብኩ። «እኔ እንጃ። አንዳንዴ የምታምን ይመስለኛል።»

«አንተስ እናትህ ስትናገር ምን ትላለህ?»

«ዝም እላለሁ።»

ጋሽ አማረ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «ታዲያ ይህ ብር ሐርቡ ምን ሊያደርግ ይወርዳል? ሚስትህን ነጻ ነሽ ልትላት ነው? ማን ዳኛ አደረገህ? ጥፋቱ የተነገረው እናትህ ቤት፣ እንግዳ ፊት ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት እዚያው ነው። ለሚስትህ ጓዳ ውስጥ ሹክ ብለህ እናትህ ፊት እንደገና ዝም ልትል ከሆነ፣ አንተም እንደኔ በይደህ ወልውለህ ነው የምትሄደው።»

ለዘሃራ «አንቺ አይደለሽም» እንደምላት አስቤ ነበር። ለእናቴ «ከእኔም ነው፤ ወደ እኔም የመጣው ከአንቺ ወይም ከአባቴ ነው» ማለትን ግን ፈጽሞ አላሰብኩም። ዶክተሯ ከነገረችኝ ግማሹን ብቻ ይዤ ልሄድ ነበር።

ለሥራው ከተስማማነው በላይ አልቀበልም አሉኝ። እጃቸውን ስሜ፣ ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ። ጁምዓን ፒያሳ ሰገድኩ፤ ቀለበቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ስለነበር ሱጁድ ስወርድ ይቆረቁረኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

የመልሱ አውቶቡስ ከላምበረት ንጋት ላይ ተነሳ። በመንገዱ ላይ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ዓይኔ ውጭ ነበረ እንጂ የማየው ውስጤን ነበር። ከሚሴን አልፈን ሐርቡ ስንቃረብ ረዳቱ፣ «ሐርቡ ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ስነሳ ሐርቡ ላይ ልወርድ ነበር ያቀድኩት፤ ቦርሳዬም ጉልበቴ ላይ ነበር።

«የለም» አልኩት።

መንገዱ ዳር ልጅ ያዘለች ሴት ሁሉ ዘሃራ መሰለችኝ። መጀመሪያ የሚመለሰው እናቴ ቤት ነው ብዬ አለፍኩ፤ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቦርሳውን ከጉልበቴ አላወረድኩም።

ቤት ስገባ እናቴ ከአስር ሶላት ተነስታ መስገጃዋን እያጠፈች ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማም ተቀምጣለች። ወጣ በይልን ልላት አሰብኩና ተውኩት፤ ወንዙ ሲነገር እሷም ትሰማ ነበር። ቀለበቱን እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«እማ፣ የሐያት ነገር ወንዝ አይደለም። ከእኔ ነው። ከዘሃራም ነው፤ እኩል ነው። እኔ ደግሞ ወይ ካንቺ ወይ ከአባቴ ነው የወሰድኩት።»

ቀስ ብዬ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ጣቷን ይዤ ፍሬዎቹን አስቆጠርኳት። ስንጥቁ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ከኔ ዘር ነው የምትለኝ?»

«ሊሆን ይችላል። ጥፋት ግን አይደለም። አራት ዓመት ዘሃራ ስትከሰስ ዝም ማለቴ ግን ጥፋት ነው፤ እሱ የእኔ ነው።»

እትዬ ፋጡማ ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ ጣቷን ከስንጥቁ አላነሳችም። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስትናገር ግን ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነብኝ።

«ካንተ በፊት የሞተችብኝን ልጅ፣ አማቴ ቦርከና ነው የወሰዳት አለችኝ። በቀትር ወርደሽ ነው አለችኝ። እውነትም ወርጄ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የገደልኳት ስል ኖርኩ።»

እህት እንደነበረችኝ አውቅ ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። በምን እንደሞተች ዛሬ የሚያውቅ የለም። «ወንዙ አይደለም እማ» አልኳት፤ «እሷንም ወንዙ አልወሰዳትም።» እንዲህ ስላት እናቴ ቀለበቱን ጨብጣ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ።

እሑድ፣ ሐርቡ

በጠዋት ከእናቴ ጋር ሚኒባስ ይዘን ሐርቡ ወረድን። ሽማግሌ እንላክ ብላት፣ «ሽማግሌ ልኬ አይደለም የከሰስኳት» ብላ እምቢ አለችኝ። የዘሃራ አባት በር ከፈቱልን። እናቴ ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም። ዘሃራ ከጓዳ ስትወጣ ቆማ ጠበቀቻት።

«ወንዙ አይደለም ልጄ» አለቻት። «በእኔም በኩል ይሆናል የመጣው። ሰው ፊት ነው የተናገርኩሽ፤ ይኸው አባትሽ ፊት አውፍ በይኝ።»

ዘሃራ ጎንበስ ብላ እናቴን ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ?»

ቀለበቱን ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። «እሱን ተወው» አለችኝ፤ «አንተስ ነው ያልኩህ።»

«ዝም አልኩሽ» አልኳት። «መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ።»

«ይህን ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረብህ?»

ያን ዕለት አብራን አልመጣችም። ልምጣም ልቅርም አላለችም። ቀለበቱን ሐያት ወሰደችው። ጭኔ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ፍሬ በፍሬ ዳሰሰችው፤ ስንጥቁ ጋ ስትደርስ ሳቀችና መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስንወጣ ልቀበላት ብል እምቢ ብላ ጨበጠችው።

ከዚያ በኋላ

ሰው ከጉዞ ምን ተማርክ ይባላል። ሮንዴላ በየቀኑ እየነካሁ የስንጥቋን ነገር ሳላስተውል መኖሬን ተምሬያለሁ። ልክ ብቻ ሰጥቶ ምክንያት የማይሰጥ ሰው ሥራው እንደሚበላሽ ተምሬያለሁ። ሳያውቁ አለመናገር አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲበደል እያዩ «አላውቅም» ማለት ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ዶክተርም ወርቅ ሠሪም አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዘግይቼ የሚገባኝ ሰው ነኝ።

ዘሃራ የመጣችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሽማግሌ አልመጣም፤ በባጃጅ ብቻዋን፣ ሐያትን አቅፋ፣ አንድ ጆንያ ልብስ ይዛ ወረደች። ሐያት ቀለበቱን በክር አንገቷ ላይ አስራለች። እናቴ ጆንያውን ተቀብላ ፈታ አየችውና የቆሸሸውን ከንጹሑ ለየች። ከዚያ ሳሙና አነሳች።

«ነይ እንውረድ» አለቻት።

ዘሃራ አየቻት። እናቴም አየቻት። ዘሃራ ሐያትን አዘለች፣ እናቴ ልብሱን ተሸከመች፣ ወደ ቦርከና ወረዱ። እኔ ግቢያችን ውስጥ ካለው የቶርኖ ማሽን ቀና ብዬ ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ጠራራ ቀትር።